ክረምትን ቤት ውስጥ መንዳት፦ የብስክሌት ሮለር የሠራሁበትና የተማርኩበት ማስታወሻ

ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባለፈው ክረምት ብስክሌቴን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሦስት ወር ያህል ከረምኩ፤ መስከረም ጠብቶ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በወጣሁ ጊዜ ግን በሚያዝያ ያለ ጭንቀት ያለፍኩት ዳገት እግሬንም ትንፋሼንም ያዘው። በአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሳይጥል የሚያልፍ ቀን ጥቂት ነው፤ ጠዋትም ቢሆን አስፋልቱ እርጥብ፣ ጉድጓዱ በውሃ የተሸፈነ ስለሚሆን፣ በቀጭን ጎማ ከመኪና ጋር መጋፋት አደጋው ከጥቅሙ ይበልጣል። ስለዚህ ዘንድሮ ቤት ውስጥ የምለማመድበትን ሮለር ራሴ ሠርቼ በላዩ መንዳትን ለመማር ወስኛለሁ፤ ሥራው እየገፋ በሄደ ቁጥር እዚህ እመዘግባለሁ።

ሮለር ማለት በአንድ የብረት መቀመጫ ላይ ተጋድመው በኩሽኔታ የሚዞሩ ሦስት ቱቦዎች ናቸው። የኋላው ጎማ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ይቀመጣል፤ የፊቱ ጎማ በሦስተኛው ላይ ያርፋል፤ የመሐሉን ቱቦ ከፊተኛው ጋር የሚያያይዝ ቺንጋ ስላለ የኋላው ጎማ ሲሽከረከር የፊቱም አብሮ ይሽከረከራል። ብስክሌቱን የሚይዝለት ሌላ ነገር የለም። የኋላውን አክሰል ግራና ቀኝ ጨምድዶ በሚይዘው ማሠልጠኛ ላይ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ መንዳት ይችላል፤ ሮለር ላይ ግን ሚዛኑን የሚጠብቀው ነጂው ራሱ ነው። የፊቱ ጎማ እንዲዞር የሚደረገውም ለዚሁ ነው፤ ብስክሌት ሳይወድቅ የሚቆመው ወደሚያዘነብልበት በኩል መሪው በጥቂቱ እየዞረ ጎማውን ከክብደቱ ሥር ስለሚመልሰው ሲሆን፣ የማይንከባለል ጎማ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

በሠፈራችን በወጣትነታቸው በክለብ ደረጃ የተወዳደሩ አንድ ጋሼ አሉ። ሐሳቤን ሳጫውታቸው ረጋ ብለው ካዳመጡኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ የተገዛ ሮለር ላይ ብትንቀጠቀጥ ጥፋቱ የራስህ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ራስህ የሠራኸው ላይ ግን ተጠርጣሪው ሁለት ነው። መጀመሪያ ዕቃውን ከጥርጣሬ አውጣው» አሉኝ። ይህን ቃል ደብተሬ መጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩት።

ሰኔ 15

ለቱቦዎቹ ለፍሳሽ መስመር የሚውለውን 110 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ፒቪሲ መረጥኩ፤ ግድግዳው 3.2 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ ማለትም ከሳሳው ዓይነት ጠንከር ያለውን። እያንዳንዱ ቁራጭ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ለመቀመጫው የሚሆን አንግል ብረት ምናለሽ ተራ አገኘሁ፤ 6202 ቁጥር ኩሽኔታ ስድስት ገዛሁ፤ ውስጣዊ ቀዳዳው 15 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አክሰሉም በዚያው ልክ ተቆረጠ። የቱቦዎቹን ሁለት ጫፍ የሚደፍኑትንና ኩሽኔታው የሚገባባቸውን ክብ ክዳኖች ከጠንካራ እንጨት ቶርኖ ቤት አስወጣሁ።

የቶርኖ ባለሙያው ለቀዳዳው መሐልነት ይህን ያህል ለምን እንደተጨነቅኩ ሲጠይቀኝ ስሌቱን አሳየሁት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የጎማው ገጽ በሰከንድ 8.3 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የቱቦው ዙሪያ 34.6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ቱቦው በሰከንድ 24 ጊዜ፣ በደቂቃ ደግሞ ወደ 1,450 ጊዜ ይዞራል። ቀዳዳው ከመሐል ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢዛነፍ ያ መዛነፍ በየሰከንዱ 24 ጊዜ ጎማውን ከሥር ይመታዋል። ባለሙያው ይህን ሲሰማ ክዳኖቹን እንደገና አሥሮ በጥንቃቄ ፈተሻቸው፤ ስለዚህ ትዕግሥቱ አሁንም አመሰግነዋለሁ።

ሰኔ 22

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የዋለው ልኬት ላይ ነው። የብስክሌቴ ሁለት አክሰሎች ርቀት 98 ሴንቲ ሜትር ነው። የኋላዎቹን ሁለት ቱቦዎች ከመሐል እስከ መሐል 26 ሴንቲ ሜትር አራርቄ አስቀመጥኳቸው፤ ከዚህ ቢቀራረቡ ጠንክሬ ስረግጥ ጎማው በመሐሉ ቱቦ ላይ ተሻግሮ ይወጣል፣ ቢራራቁ ደግሞ ጎማው በመካከላቸው እየተሰነቀረ ግጭቱ ይበዛል። እኔና ብስክሌቴ በኋላው ጎማ ላይ የምናሳርፈው ክብደት 45 ኪሎ ገደማ ነው ብዬ ሳሰላ፣ በዚህ ርቀት እያንዳንዱ ቱቦ የሚሸከመው ወደ 24 ኪሎ ነው። ከግማሹ በጥቂቱ የበለጠው ጎማው ቱቦዎቹን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ስለሚገፋቸው ነው።

የፊቱን ቱቦ ቦታ ያገኘሁት በቱምቢ ነው። ከፊቱ ጎማ አክሰል ላይ ክሩን ለቅቄ፣ የቱቦው አክሰል ክሩ ከሚወርድበት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት እንዲያልፍ አደረግኩ። ቱቦው ወደ ኋላ ቢቀር፣ ብስክሌቱ ትንሽ ወደ ፊት ሲገፋ ጎማው የቱቦውን ጀርባ አልፎ ቁልቁል ሊወርድ ይችላል። ብረቶቹን በብሎን እንጂ በብየዳ አላሰርኳቸውም፤ የሌላ ሰው ብስክሌት ቢመጣ ቦታውን መቀየር እንዲቻል ብሎን የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች አስረዝሜ ነው ያስቀደድኳቸው። መቀመጫው ወለሉ ላይ እኩል ማረፉን በውሃ ልክ አረጋገጥኩ።

ቺንጋው ከጠበቅኩት በላይ ጊዜ ወሰደ። ርዝመቱ በስሌት 207 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። መጀመሪያ ከከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ቀጭን ቁራጭ አወጣሁ፤ እየተለጠጠ ቱቦው ላይ ይጨፍርና ይወርዳል። በሁለተኛው ሙከራ ጠፍጣፋ የናይለን ማሠሪያ ለጫማ ሰፊ ወስጄ ሁለቱን ጫፎች ደራርቦ እንዲሰፋልኝ ጠየቅኩት። የተደራረበው ቦታ ወፍሮ ስለነበር ቺንጋው በዞረ ቁጥር፣ ማለትም በየሰከንዱ አራት ጊዜ ያህል፣ «ቀጭ» ይላል። ጫማ ሰፊው ራሱ ነው መፍትሔውን ያመጣው፤ ጫፎቹን በሰያፍ ቆርጦ፣ አሳስቶ፣ ስፌቱን ሰያፉን ተከትሎ ሲያስኬደው ድምፁ ጠፋ።

አሁንም ቺንጋው ወደ ቱቦው ጠርዝ እየሸሸ ይወርድ ነበር። ጠፍጣፋ ቺንጋ በሚዞር ነገር ላይ ሲሄድ የሚሸሸው ወደ ዝቅተኛው ቦታ ሳይሆን ወደ ከፍተኛው ነው፤ ሰው ሁሉ በተቃራኒው ይገምታል፣ እኔም እንደዚያው ገምቼ መጀመሪያ ግራና ቀኙን ነበር በጥቅል ያሳበጥኩት። ያንን አንሥቼ ቺንጋው በሚሄድበት መስመር መሐል ላይ አራት ዙር ናስትሮ ጠቀለልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ከመስመሩ አልወጣም። የዙሩ ቁጥር በሁለቱም ቱቦዎች ላይ እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ የፊቱና የኋላው ጎማ ፍጥነት ይለያያል።

ሰኔ 29

ነጂ የሌለበት ሙከራ። ታናሽ ወንድሜ ብስክሌቱን በኮርቻው ደግፎ ቀጥ አድርጎ ያዘልኝ፤ እኔ ፔዳሉን በእጄ አዞርኩ። ገና ፍጥነቱ ሳይጨምር መቀመጫው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጋሼ እንዳሉት፣ በላዩ ማንም ሳይኖር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተጠርጣሪው አንድ ብቻ ነው።

የትኛው ቱቦ እንደሆነ ለማወቅ እርሳስ ተጠቀምኩ። ጫፉን ከማይንቀሳቀስ ነገር ላይ አስደግፌ ቱቦው እየዞረ ሳለ ቀስ በቀስ ወደ ገጹ አቀረብኩት፤ ክብ የሆነ ቱቦ ዙሪያውን እኩል መስመር ይቀበላል፣ የተዛነፈው ግን ከፍ ባለው ጎኑ ብቻ ይሰመርበታል። በመሐሉ ቱቦ ላይ መስመሩ የወጣው በሁለት ተቃራኒ ጎኖች ነበር፤ ይህም ቀዳዳው ከመሐል የወጣ ሳይሆን ቱቦው ራሱ ሞላላ እንደሆነ ነገረኝ። ፒቪሲ በፀሐይ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሱቁ ደጅ ላይ ከሥር ሆኖ ሌሎች የተደረደሩበት ቱቦ ሳይሆን አልቀረም። ከሌላ ቱቦ ቆርጬ ቀየርኩት፤ ሦስቱንም ክዳናቸው ከተገጠመ በኋላ ቶርኖ ላይ አሥሬ ገጻቸውን በስሱ አስላጨኋቸው። በማግስቱ በተደረገው ሙከራ አንድ ብርጭቆ ውሃ መቀመጫው ላይ አስቀምጬ ፔዳሉን አዞርኩ፤ ውሃው ትንሽ ከመርገብገብ በቀር አልፈሰሰም።

ሐምሌ 4

ዛሬ ወጣሁበት። ሮለሩን ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት በሚወስደው በር መሐል ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ በበሩ መቃንና በክንዶቼ መካከል በየጎኑ አንድ ስንዝር ገደማ ስለሚቀር፣ ሳዘነብል የምወድቀው በክርኔ መቃኑ ላይ ተደግፌ ነው። ለመውጫ በግራዬ ዝቅተኛ በርጩማ አኑሬያለሁ። ማርሹን ከፊት 39፣ ከኋላ 17 ጥርስ አድርጌ ጀመርኩ፤ በዚህ ማርሽ በደቂቃ 90 ጊዜ ሲረገጥ ፍጥነቱ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

አንድ እጄን መቃኑ ላይ፣ አንዱን መሪው ላይ አድርጌ ስረግጥ ሁሉም ደኅና ነበር። እጄን ከመቃኑ ሳነሣ ግን የፊቱ ጎማ ወዲያው ወደ ቀኝ ሸሸ፣ እኔም ክርኔ ላይ አረፍኩ። በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ይህንኑ ከሃያ ጊዜ በላይ ደገምኩት፤ ሳልደገፍ ከአሥር ሰከንድ ያለፍኩበት ጊዜ አልነበረም። ከሮለር የወጣ ሰው ወደ ፊት ተወርውሮ ግድግዳ ይመታል የሚባለውን ግን እውነት ሆኖ አላገኘሁትም፤ ነጂውም ብስክሌቱም በቦታቸው የቆሙ ስለሆነ ወደ ፊት የሚወስዳቸው ነገር የለም፣ የሚሽከረከሩት ጎማዎች የያዙት ጉልበት ደግሞ መሬት ሲነኩ ወዲያው ያልቃል። የሚያሰጋው ወደ ጎን መውደቅ ነው፤ ስለዚህ በአቅራቢያው ሹል ነገር እንዳይኖር ጠረጴዛውን አርቄያለሁ።

ሐምሌ 11

ጋሼ መጥተው አዩኝ። ብዙም ሳይቆዩ፣ «የምታየው ምንድን ነው?» አሉኝ። «የፊቱን ጎማ ነው፣ ከቱቦው እንዳይወጣ» አልኳቸው። «እሱን ማየት ተው፤ መንገድ ላይ ጎማህን እያየህ ትነዳለህ?» ብለው ከፊቴ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ሦስት ሜትር ገደማ ርቆ፣ በዓይኔ ትክክል በኖራ መስቀለኛ ምልክት አደረጉ። ምክንያቱ ገባኝ፤ ጎማውን የሚያይ ሰው መዛነፉን የሚያየው ከሆነ በኋላ ነው፣ ከዚያም ደንግጦ ከልክ በላይ ያርመዋል፤ ሩቅ የሚያይ ሰው ግን ሰውነቱ ማዘንበል ሲጀምር ያውቀዋል።

ሁለተኛው ትዕዛዛቸው ስለ እጄ ነበር። መሪውን የጨበጥኩበት ጣቶቼ ነጥተው ስላዩ፣ መዳፌን ብቻ እንዳሳርፍና አውራ ጣቴን እንድፈታ አደረጉኝ። ሦስተኛው ደግሞ የሚያስፈራው ነበር፤ ሲከብደኝ እንድቀንስ ሳይሆን ፍጥነት እንድጨምር። እንዳሉኝ ሳደርግ ብስክሌቱ በእርግጥም ረጋ፤ ፍጥነት ሲጨምር ለተመሳሳይ ማዘንበል የሚያስፈልገው የመሪ እርማት ያነሰ ይሆናል። በዚያን ቀን ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ሳልደገፍ ነዳሁ። ስወርድ እጆቼ እየተንቀጠቀጡ ነበር፤ ደስታው ግን የመጀመሪያውን ብስክሌት በልጅነቴ ያለ ደጋፊ የነዳሁበትን ቀን አስታወሰኝ።

ሐምሌ 19

ከበሩ አውጥቼ ሳሎኑ መሐል፣ በግራ በኩል ብቻ ግድግዳ እንዲኖረኝ አድርጌ አስቀመጥኩት። አሥር ደቂቃ እነዳለሁ፤ ነገር ግን ብስክሌቱ እንደ ፔንዱለም ግራና ቀኝ ይመላለሳል። እንደገና ዕቃውን ጠረጠርኩ፤ ያለ ነጂ ስፈትሸው ግን ንጹሕ ነው። ወንድሜን ከኋላዬ ቆሞ እንዲመለከት ጠየቅኩት፤ ብስክሌቱ ወደ ቀኝ የሚሄደው ቀኝ እግሬ ወደ ታች በሚወርድበት ቅጽበት፣ ወደ ግራ የሚመለሰውም ግራው ሲወርድ እንደሆነ ነገረኝ። ወገቤም አብሮ ይወዛወዝ ነበር። ኮርቻዬ ከፍ ስላለ እግሬ ከታች ፔዳሉ ላይ ለመድረስ ወገቤን ይስብ ነበር ማለት ነው፤ በስምንት ሚሊ ሜትር ዝቅ አደረግኩት፣ ግማሹ መወዛወዝ ወዲያው ቀረ። ለአራት ዓመት በዚያ ኮርቻ መንገድ ላይ ነድቻለሁ፤ አስፋልቱ ሰፊ ስለሆነ አንድም ቀን አልነገረኝም። የሮለሩ ስፋት 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ግን ምንም አይደብቅም።

የቀረው ግማሽ የአረጋገጤ ነው። ፔዳሉን ወደ ታች ብቻ ስለምወጋው ኃይሌ ተቆራርጦ ይወጣል። አሁን የማተኩረው ከታች ያለውን ክፍል ላይ ነው፤ ጋሼ «ጫማህ ላይ የተጣበቀ ጭቃ ምንጣፍ ላይ እንደምትጠርግ ወደ ኋላ ጎትተው» ያሉት አባባል ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ረድቶኛል።

ሐምሌ 23

ከእኛ በታች የሚኖሩት እትዬ ጣሪያቸው እንደ ወፍጮ ቤት እንደሚያጓራ በትሕትና ነገሩን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወለሉ የጋራ ስለሆነ ቅሬታቸው ትክክል ነው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ አራት ቁራጭ ቆርጬ ከመቀመጫው እግሮች ሥር አደረግኩ፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ እንደማልነዳም ቃል ገባሁላቸው። ጉርምርምታው በጣም ቀንሷል ብለውኛል።

ነሐሴ 3

ጾመ ፍልሰታ ገብቷል። ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ ስለማልቀምስ ጠዋት መንዳት አልችልም፤ ልምምዱን ወደ ምሽት አሸጋግሬ ከ40 ደቂቃ ወደ 25 ዝቅ አድርጌዋለሁ። ቤት ውስጥ ነፋስ ስለሌለ ላቡ ከመንገድ ይልቅ ይበዛል። ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ኃይል ፔዳል ላይ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ ያነሰው ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ይህም ማለት 150 ዋት የሚያወጣ ነጂ ከ450 ዋት የማያንስ ሙቀት ከሰውነቱ ማስወጣት አለበት፤ መንገድ ላይ ይህን የሚወስደው ነፋሱ ነው። ቬንትሌተር ከፊት ለፊቴ አድርጌያለሁ፤ ላቡ የመሪውን ብሎኖች እንዳያዝግም ፎጣ አነጥፋለሁ።

ነሐሴ 11

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሃያኛው ደቂቃ ላይ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ሮለሩ መብራት ስለማይፈልግ ምንም አይሆንም ብዬ አስቤ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለው ምልክት ከዓይኔ በጠፋ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ግን ወደ ግራ ወደቅኩ። ክንዴ ተላጠ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰብኝም። ሚዛኔን ምን ያህል በዓይኔ ብቻ እጠብቅ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። ከነገ ጀምሮ እንደገና በር መሐል ገብቼ፣ ዓይኔን ለአንድ ሁለት ሰከንድ እየጨፈንኩ፣ ማዘንበሉን በኮርቻው በኩል ለመስማት እሞክራለሁ። ባትሪ ያለው ትንሽ መብራትም ምልክቱ ሥር አስቀምጫለሁ።

ነሐሴ 24

አሁን 45 ደቂቃ ሳልወርድ እነዳለሁ፤ አንድ እጄን አንሥቼም ውሃ እጠጣለሁ። የሚቀጥለው ጥያቄ ክብደት ነው፤ ሮለሩ ቀልሎኛል። ቤት ውስጥ የነፋስ ግፊት ስለሌለ ፍጥነት መጨመር ብቻውን እንደ መንገድ አያደክምም፤ ዋናው ግጭት የሚመጣው ጎማው ቱቦው ላይ ሲጨፈለቅ ነው። ስለዚህ የኋላውን ጎማ አየር ከ100 ፒኤስአይ ወደ 70 አወረድኩት፤ ያው ማርሽና ያው ፍጥነት ወዲያው ከባድ ሆነብኝ። ቀጭን ቱቦ ብሠራም ጎማው ይበልጥ ስለሚጎብጥ ተመሳሳይ ውጤት ይገኝ ነበር፤ አየር መቀነስ ግን ወጪ የለውም። አምስት ደቂቃ ከብዶ፣ ሦስት ደቂቃ ቀልሎ፣ አምስት ጊዜ ደጋግሜ ጨረስኩ።

መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጠዋት በደረቅ መንገድ ወደ ሱሉልታ ወጣሁ። ከዳገቱ ይልቅ ያስገረመኝ የመንገዱ ጠርዝ ነጭ መስመር ነው፤ ሜዳው ላይ ስደርስ መኪና አለመኖሩን አረጋግጬ ጎማዬን መስመሩ ላይ አደረግኩና፣ ዓይኔን ሩቅ ጥዬ፣ ሳልወርድበት ረጅም መንገድ ነዳሁ። አምና ከሃያ ሜትር በላይ አልችልም ነበር። ትንፋሼም በዳገቱ አልተቆራረጠም።

ማታ እግሬን ለማፍታታት ለአሥር ደቂቃ ሮለሩ ላይ ወጣሁ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ከሥሬ ቀጭን መንቀጥቀጥ ተሰማኝ፤ ሳልወርድና ወንድሜን ሳልጠራ አንድ ጊዜ ፔዳል መርገጥ አቆምኩ፣ መንቀጥቀጡ ግን ጎማው እስኪቆም ቀጠለ። ከእግሬ አይደለም ማለት ነው። ጆሮዬን ወደ መሐሉ ቱቦ አዘንብዬ ስሰማ በቀኝ በኩል ያለው ኩሽኔታ ያጓራል፤ የክረምቱ ላብና አቧራ ገብቶበታል። ነገ መርካቶ ወርጄ በሁለቱም ጎኑ በጎማ የተዘጋውን 6202 እገዛለሁ።